የአባቴን እግር አላጥብም ያልኩ ዕለት

የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ የአባቴን እግር አላጥብም ብዬ እምቢ አልኩ። ይህን ለዛሬ ልጆች ሳወራ ብዙም አይደንቃቸውም፤ «ታዲያ ምናለበት፣ ራሱ አይታጠብም?» ይሉኛል። ያኔ ግን፣ ከግሼ ገደል አፋፍ ላይ በነበረችው መንደራችን፣ አባት ከመንገድ ገብቶ እግሩን ሲዘረጋ ውሃውን ይዛ የምትቀርበው የቤቱ ታላቅ ልጅ ነበረች። ታጥባለች፣ ታደርቃለች፣ በመጨረሻም የእግሩን ጣት ስማ ትነሣለች። በሥራ የሚቆጠር ነገር አልነበረም፤ እንኳን በሰላም መጣህ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ለቤቱ ታላቅም ታናሽም ነበርኩ፣ ሌላ ልጅ አልነበራቸውም። ታዲያ ያን ዕለት ለምን እምቢ እንዳልኩ፣ አውቄ ይሁን ፈርቼ፣ እስካሁን ለራሴ እንኳ በቅጡ ማስረዳት አቅቶኛል።

ነገሩ የሚጀምረው ከአያ ሽፈራው ተረት ነው። አያ ሽፈራው የእናቴ አጎት ናቸው። ጣሊያን በሰሜን በኩል ሲገባ ዘምተው ነበር፤ ሁሉም ካበቃ በኋላ ጠመንጃቸውንም በቅሏቸውንም አጥተው፣ አንድ ዓይናቸውን ጉም ለብሶት ተመለሱ። ሚስታቸው ቀድመው ስለሞቱ እኛው ቤት ገቡ። አባቴ ከአርበኞቹ ጋር ወደ ገደሉ ወርዶ ስለነበር ቤቱ ውስጥ የቀረነው ሦስት ነበርን፣ እናቴ፣ እሳቸውና እኔ።

ማታ ማታ እናቴ የበግ ጸጉር ትፈትል ነበር። በዚያ ሁሉ አገር እንደ እሷ ቀጭን ክር የሚያወጣ እጅ የለም ይባል ነበር፤ ከቀየት ገበያ ድረስ ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ የሚሠሩ ሰዎች ክሯን ፍለጋ ይመጣሉ። ከጣሊያን ወዲህ የኩራዝ ዘይት ስለጠፋ ኩራዛችን የምትበራው እራት እስኪበላ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ያለን የኩበት ፍም ነው። የኩበት ጭስ ከፍ አይልም፣ እዚያው ሰው ፊት ላይ ይንከላወሳል፤ ያኔ ታዲያ ዓይኔን ጨፍኜ ድምፅ ብቻ እየሰማሁ ነበር ተረት የምከታተለው። የእናቴ እንዝርት ሲሾር ይሰማኛል፣ የአያ ሽፈራው ሳል ይሰማኛል፣ ከዚያ ተረቱ ይጀመራል።

የጦጣና የቀበሮ ተረት ያውቃሉ፣ ግን ለእሱ ብዙ አይደክሙም። ቶሎ ቶሎ ብለው ይወጡትና «በቃ፣ ቀበሮዋ ሞኝ ነበረች» ብለው ይዘጉታል። እጃቸውን ወደ ፍሙ ዘርግተው፣ ረጋ ብለው የሚያወሩት አንድ ተረት ብቻ ነበር፤ ጤዛው የሚያቃጥልበት አገር ተረት። አንድ ዘማች ልጅ ወደዚያ አገር ደረሰ። ጤዛው ከሰማይ ይወርዳል፣ ዘይት ይመስላል፣ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ሲነካ አያምም። ልጁ ምንም ሳይመስለው እየዘፈነ መንገዱን ይቀጥላል፤ የሚያመው በማግሥቱ ነው። እናቱ ደጅ ሲደርስ እናቱ እጇን ዘርግታ ልታቅፈው ትወጣለች።

እኔን ግራ የሚያጋባኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው፤ በየማታው ይለዋወጣል። አንድ ማታ እናቲቱ ታቅፈዋለች፣ የሁለቱም ቆዳ ተልጦ ይሞታሉ። ሌላ ማታ ልብሱን አስወልቃ እሳት ውስጥ ትጨምረዋለች፣ ጭሱ ቤቱን ይሞላና ዶሮው ሳይቀር ያልቃል። ሌላ ማታ ደግሞ ልጁ ከማሳው ዳር ቆሞ «እናቴ፣ አትንኪኝ! መጀመሪያ አመድ በትኝብኝ፣ ውሃው ይከተል» እያለ ይጮኻል፣ ይድናል። በማግሥቱ ውሃው ይቀድምና አመዱ ይከተላል። ያኔ ተረት አንዴ ከተሠራ የሚለወጥ አይመስለኝም ነበር። «አያ፣ ትናንት እኮ አመዱ ነበር የቀደመው» ስላቸው ወደ እኔ ዞር ይላሉ።

«እስቲ አንቺ ምን ትያለሽ?» ይሉኛል። «የትኛው ይሻላል?»

እኔ ምን አውቃለሁ! አመድ ያቆሽሻል፣ ውሃ ያጠራል፣ ስለዚህ ውሃ ይሻላል እላለሁ። እሳቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ እሺ ማለታቸው ይሁን አይደለም ማለታቸው አይገባኝም ነበር።

እናቴ ይህን ተረት አትወደውም። «ኧረ አንቱ፣ ልጅቷን አያስፈራሩብኝ፤ ስትቃዥ የምታድረው እኔ ጉያ ውስጥ ነው» ትላቸዋለች። የጥላቻዋን ምክንያት የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። አያ ሽፈራው ከዘመቻ እንደተመለሱ ማኅበር ላይ ተቀምጠው ያዩትን ተናግረው ነበር አሉ፤ ጓደኞቻቸው ጥይት ሳይነካቸው፣ ጎራዴ ሳያርፍባቸው፣ አውሮፕላን ረጭቶት ሣር ላይ ባደረ እርጥበት እንዳለቁ። ሰው ሁሉ ሲያዳምጥ አንዱ ቀልደኛ «እንዴ፣ አያ ሽፈራው ከጤዛ ሸሽተው ነዋ የመጡት!» ይላል። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከኋላቸው «ጤዛ ፈሪው» ይባሉ ጀመር፤ እናቴም በአጎቷ ታፍር ነበር። እሳቸው ለትልቅ ሰው መናገሩን ተዉት። ለእኔ ብቻ፣ ያውም ተረት አድርገው፣ ያወሩልኝ ነበር።

በጥቅምት ነው፣ ውርጩ ገብሱን በሚያሰጋበት ሰሞን። ከገደሉ ሥር አውሮፕላን ሲያጓራ ሁለት ቀን ሙሉ ሰማን። እናቴ በእነዚያ ሁለት ቀናት እህል አልቀመሰችም፤ እንዝርቷንም አላነሣችም። በሦስተኛው ቀን አያ ሽፈራው ቤተ ክርስቲያን ሊሳለሙ እንደወጡ፣ ደጃፉ ላይ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ ተሰማ። አባቴ ነበር።

ካየሁት ስድስት ወር አልፎኛል። ጺሙ አድጎ፣ ከስቶ፣ ጠቁሮ ነበር፤ ግን ይስቃል። እናቴ እልል ልትል አፏን ከፈተችና ጎረቤት እንዳይሰማ በነጠላዋ አፈነችው።

«አልተመቱም? ምንም አልሆኑም?»

«ኧረ ምንም! ሲነጋጋ በቁጥቋጦ ውስጥ ስወጣ ልብሴ ረጠበ እንጂ። ዓይኔን ትንሽ ያሳክከኛል፤ እንቅልፍ አጥቼ ይሆናል።»

በርኖሱን አውልቆ በሩ ሥር ጣለው፣ መደቡ ላይ ተቀመጠ፣ እግሩንም ዘረጋ። እናቴ ለብ ያለ ውሃ በገበቴ አድርጋ ፊቴ አስቀመጠችው። «ነይ ሙሉ፣ አባትሽን እጠቢ» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ተንበረከክሁ። እጄን ወደ እግሩ ስሰድ ሸተተኝ። ነጭ ሽንኩርት። አባቴ ገደል ውስጥ ከርሞ ነጭ ሽንኩርት ከየት አመጣ? ቁርጭምጭሚቱን ሳይ፣ አቧራው ላይ ዘይት የተረጨ የሚመስል ነጠብጣብ አየሁ። እጄ እዚያው አየር ላይ ቀረ።

ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ እንዳሰብኩ አስታውሳለሁ። ይህ ተረት ነው፣ ተረት ደግሞ በጠዋት ቤት አይገባም። ይህ ጤዛው ነው። ሁለቱም እውነት መሰሉኝ፤ አንዱ ሌላውን አላሸነፈውም።

«አልነካም» አልኩ።

«ምን አልሽ?» አለች እናቴ።

«አላጥብም። ያቃጥላል።»

አባቴ ቀልድ መስሎት ሳቀ። «ልጄ ረሳችኝ እንዴ?» አለና እግሩን ወደ እኔ ጠጋ አደረገው። ወደ ኋላዬ ሸሸሁ። እናቴ «ኧረ በስመ አብ» ስትል ሰማኋት። እኔ ግን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነበር፤ አመዱ ነው ወይስ ውሃው? ትናንት ማታ የቀደመው የቱ ነበር? ተረቱ ሁሉ ተደበላለቀብኝ። ውሃውን እናቴ አንሥታ ይዛው ስለነበር ወደ ምድጃው ሮጥኩ፤ በቀሚሴ ጫፍ የቻልኩትን ያህል አመድ ዘግኜ ተመለስኩና አባቴ እግር ላይ በተንኩት። ግራ እግሩን ብቻ ነው የሸፈነው፣ ለቀኙ አልበቃም።

በእኛ ዘንድ አመድ የሚነሰነሰው ሰው ሲሞት ነው። አባቷ በቁሙ እየሄደ አመድ የበተነችበት ልጅ በመንዝም ሆነ በመርሐቤቴ ከእኔ በፊት የነበረች አይመስለኝም። እናቴ በጥፊ አጮለችኝ፤ በሕይወቴ ከእሷ የቀመስኩት ጥፊ እሱ ብቻ ነው። «በቁሙ ልትቀብሪው ነው? ምን ዓይነት ልጅ ነው የወለድኩት!» ብላ ጎትታ ወደ ውጭ አወጣችኝ። በበሩ በኩል አያታለሁ። ተንበርክካ ቀኝ እግሩን በሁለት እጇ እያሸች፣ ጣት በጣት፣ እንደ ሕፃን አጠበችው። ከዚያ የግራውን አመድ አራግፋ እሱንም አጠበችው፤ የሁለቱንም እግሮቹን ጣቶች ሳመች። መንገድ የሰነጠቀው እግር እንዲለሰልስ ብላም ለጋ ቅቤ አምጥታ እስከ ጉልበቱ ቀባችው። ሁሉንም ያደረገችው በእኔ ፈንታ፣ የእኔን ነውር ለመሸፈን ነበር። እኔ ደጅ ላይ ቆሜ አለቅሳለሁ፤ ለምን እንደማለቅስ ግን አላውቅም። አባቴ ስለሚሞት ነው? ወይስ የማይሞተውን አባቴን ስላዋረድኩት?

ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጥኩ። አያ ሽፈራውን በር ላይ አገኘኋቸው።

«አያ፣ አባባ መጣ። ነጭ ሽንኩርት ይሸታል።»

ምርኩዛቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ማን ነካው?»

«እማዬ። አጠበችው፣ ቅቤም ቀባችው።»

«ቅቤ!» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። በዚያ ሁሉ ማታ ተረት ውስጥ ቅቤ አንድ ቀን ተነሥቶ አያውቅም፤ አላሰቡትም ነበር። ከዚያ በዚያ በሚታያቸው በአንድ ዓይን፣ ድንጋዩን እየተደናቀፉ፣ ከእኔ ቀድመው ሮጡ።

ቤት ስንደርስ አልገቡም። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ በምራቃቸው ባረጠቡት ጣት ለኩና ከቤቱ በላይ ቆመው አባቴን በስሙ ጠሩት። አባቴ በሩን ደገፍ ብሎ ወጣ። ሳቁ ጠፍቷል፤ ዓይኑ ቀልቶ አብጧል። «አያ፣ ዓይኔ ሊዘጋ ነው» አለ። ባይታመም ኖሮ የሚታዘዝላቸው አይመስለኝም። ማሳው ውስጥ በቀን ብርሃን ልብሱን ሁሉ እንዲያወልቅ አዘዙት። እኔን ፊቴን አዙሬ አመድ እንዳመጣ ላኩኝ። የእኛ ቤት አመድ ሲያልቅ በየጎረቤቱ እየዞርኩ አመድ ለመንኩ፤ በየደረስኩበት ሴቶቹ ደረታቸውን ይዘው «ማን ሞተ?» ይሉኛል። «ማንም አልሞተም፣ አባቴ ነው» እላለሁ፤ ይህን የሰማችው አንዷማ ወዲያው ዋይታዋን ለቀቀችው።

አሁን ነገሩን በቅደም ተከተል ልነግራችሁ እችላለሁ፤ ያኔ ግን ጭራሽ የማይገናኝ ነገር ይመስለኝ ነበር። ደረቅ አመድ ቅቤው ላይ ይነሰነሳል፣ ቅቤውንና ዘይቱን እስኪመጥ ይጠበቃል፣ በእንጨት ፍላጭ ይጠረጋል፤ እንደገና ይነሰነሳል፣ እንደገና ይጠረጋል። «አትሹት! ስታሹት ወደ ውስጥ ነው የምታስገቡት» ይላሉ አያ ሽፈራው። ከዚያ ውሃ ከላይ ወደ ታች፣ እንስራ በእንስራ ላይ፤ እናቴ ለልብስ አጠባ ወቅጣ ያስቀመጠችው እንዶድ ሁሉ አለቀ። ዓይኑን በንጹሕ ውሃ ብቻ አጠቡለት። ጸጉሩንና ጺሙን ላጩት። ልብሱን በረጅም እንጨት እየገፉ ወደ ቆፈሩት ጉድጓድ ወሰዱት። ለምን እንደማያቃጥሉት አልጠየቅኋቸውም፤ ስለ ጭሱና ስለ ዶሮው ትዝ አለኝ።

በርኖሱ ላይ ሲደርሱ እናቴ ብድግ አለች።

«በርኖሱንማ አይቀብሩብኝም! የሁለት ክረምት ፈትሌ ነው!»

እንጨቱን ከእጃቸው ነጥቃ በርኖሱን አነሣችና ደረቷ ላይ አቀፈችው። «ልጄ፣ ጣዪው» አሏት። «ያንቱን ተረት ለሙሉ ያውሩላት። እጄ ይኸው፣ ምን ሆነ? ምንም አላመመኝም!» እጆቿን ዘርግታ አሳየችን። እውነቷን ነው፣ ምንም አልነበረባቸውም። ነጫጭ ጥፍር፣ ቀጫጭን ጣቶች፤ የማውቃቸው እጆቿ ናቸው። ያን ጊዜ ለአፍታ እናቴ ልክ ናት ብዬ አመንኩ፤ ሦስታችንንም ያጃጃለን ተረት መሰለኝ። አያ ሽፈራው ግን ምርኩዛቸውን ጥለው እግሯ ሥር ወደቁ። አጎት ለእህቱ ልጅ ሲወድቅ ያየሁት ያኔ ነው። እናቴ ደንግጣ በርኖሱን ለቀቀችው። የራሳቸውን እጅ በአመድ ለውሰው የእሷንም ይዘው አመዱ ውስጥ ከተቱት። ዘግይቶ ነበር፤ አባቴን ያጠበችው ረፋዱ ላይ ነው፣ አሁን ፀሐይ ዞራለች።

በማግሥቱ የአባቴ ቀኝ እግር ውሃ ቋጥሮ እስከ ጉልበቱ ተነፋ። ግራው ቀላ፣ ጥቂት ቦታ ላይ ፈነዳ፣ ቶሎም ዳነ። የእናቴ ከንፈር አብጦ ውሃ እንኳ በጭንቅ ነበር የምትጠጣው፤ ስለ እጆቿ ባልጽፍ ይሻለኛል። በሦስተኛው ማታ አያ ሽፈራው ፍሙ አጠገብ ተቀምጠው አመዱን በእንጨት ይጭሩ ነበር። ከዚያ ለማንም ሳይሆን «አመዱ ነው የሚቀድመው» አሉ። ያን ተረት ከዚያ በኋላ አንድም ማታ አላወሩልኝም። ተረቱ ለምን ይለዋወጥ እንደነበረ የገባኝ ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ እኔም የምወዳቸውን ሰዎች ቀብሬ ነው። ጓደኞቻቸውን እንዴት ማዳን ይችሉ እንደነበር በየማታው እየሞከሩ ኖሯል፤ የስምንት ዓመት ልጅም ሳይቀር ይጠይቁ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከገደሉ የሚወጡ ቁስለኞች የድሮውን መንገድ ትተው በእኛ ማሳ በኩል ነበር የሚያልፉት። አያ ሽፈራው ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ቆመው «አትሹት!» እያሉ ሲጮኹ ይውሉ ነበር፤ ጤዛ ፈሪው የሚላቸው ሰውም ጠፋ። አባቴ ሦስት ወር ተኝቶ ተነሣ፣ ተመልሶ ወረደ፣ ሳል ባይለቀውም ጣሊያን ሲወጣ ለማየት በቃ። የእናቴ ጣቶች ግን ዳግመኛ እንደ ልብ አልታጠፉም፣ አልተዘረጉምም። እንዝርት ስትይዝ ክሩ ገመድ እየሆነ ይወጣባታል፤ ባና ሠሪዎቹ ለይሉኝታ ጥቂት ጊዜ ተመላለሱና ቀሩ።

በስተርጅናዋ፣ እኔ መሐል ሜዳ አስተማሪ ሆኜ ሳለሁ፣ ልትጠይቀኝ መጥታ አንድ ማታ ጣቶቿን በሞቀ ውሃ እያሸሁላት ጠየቅኋት። ስነግርሽ ለምን አልሰማሽኝም? ጥሩ መልስ ይኖራታል ብዬ አልጠበቅኩም፤ ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ እኔ ልሁን ወይስ እሷ፣ እንኳ ግልጽ አልነበረልኝም።

«አንቺ እግሩን እያየሽ ነበር» አለችኝ። «እኔ ፊቱን አየሁት። ያን ፊት አይቼ እጄን ልሰብስብ?»

ልክ እንደነበርኩ ኋላ አባቴም ያውቅ ነበር፤ «ግራ እግሬን ያዳነችልኝ ሙሉ ናት» እያለ ለእንግዳ ሲያወራ ሰምቼዋለሁ። ይሁን እንጂ ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ፣ ከመንገድ በገባ ቁጥር ገበቴውን ራሱ ያነሣና ወደ ጓሮ ይሄድ ነበር፤ አንድም ቀን እጠቢኝ ብሎ አልጠራኝም፣ እኔም ተነሥቼ ልከተለው ሳልደፍር ቀረሁ።